እንባ ነው ወይስ ጸበል?

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ አንድ ሞባይል ነው። «ደግሞ ስለ ሞባይል ምን ይወራል?» እንዳትሉኝ። የተዋስኩት ስልክ ነው፣ ለአራት ቀን ብቻ እጄ ገብቶ ወጥቷል፣ ነገር ግን በአንድ ሴሚስተር ያልገባኝን ነገር አስተምሮኝ ነው የሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለጥምቀት ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ የአክስቴ ልጅ መጣች። ጋዜጠኝነት እንደምማር ታውቃለችና «እንካ፣ በዓሉን በዚህ አንሳ፤ ከጣልከው ግን አለቀልህ!» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 24 አልትራ። በጥር 2016 ዓ.ም. ሲወጣ ዋጋው 1,300 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ሰሞን ምንዛሪ ባሰላው ወደ 160 ሺህ ብር ሆነብኝ። እናቴ ዋጋውን ስትሰማ «በል በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጠው፣ ከቤትም እንዳታወጣው» አለች። እኔ ግን አወጣሁት።

መጀመሪያ ስለ መልኩ ልንገራችሁ። ዙሪያው ቲታኒየም ነው፤ ሳምሰንግ በጋላክሲ ስልኮቹ ላይ ይህን ብረት ሲጠቀም ይህኛው የመጀመሪያው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የኤስ 23 አልትራ ስክሪን በግራና በቀኝ ጠርዙ ጎበጥ ያለ ነበር። የዚህኛው ግን እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። ከስሩ የሚመዘዝ እስክሪብቶ አለው፤ ለኛ ለማስታወሻ ያዦቹ እንዴት እንደሚመች! ክብደቱ 232 ግራም ነው። ሩብ ኪሎ ስኳር ለመሆን 18 ግራም ብቻ ነው የጎደለው ማለት ነው። ኪስ ውስጥ ሲገባ ሱሪ ይጎትታል፣ አራቱ ማዕዘኖቹም ሹል ስለሆኑ ለረጅም ሰዓት ሲይዙት መዳፍ ወጋ ያደርጋሉ። ግርማ ሞገስ እንዳለው ግን አልክድም። ታክሲ ውስጥ ሳወጣው አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ እሱንም እኔንም እያፈራረቁ አዩን። «አይመሳሰሉም» ያሉ ይመስለኛል።

ስክሪኑን በደንብ የፈተንኩት ጃንሜዳ ነው። የራሴን ስልክ ፀሐይ ላይ ሳወጣ መስታወት ይሆንብኛል፤ ከማነሳው ሰው ይልቅ የራሴን ፊት ነው የማየው። የዚህኛው ስክሪን 6.8 ኢንች ሲሆን የብርሃኑ ጣሪያ 2,600 ኒት ይደርሳል። ኒት የስክሪን ድምቀት የሚለካበት ነው፤ የኤስ 23 አልትራው 1,750 ነበር። ከድምቀቱ በላይ የገረመኝ ግን መስታወቱ ነው። ጎሪላ አርመር ይባላል፣ አምራቹ ኮርኒንግ ነጸብራቅን እስከ 75 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ያን ሁሉ ፀሐይ ፊት ለፊት ይዤ የቀሳውስቱን ጥላ ጥልፍ በክር በክር እያየሁ ነበር።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ከኋላ አራት ካሜራ አለው። ዋናው 200 ሜጋፒክስል ነው። ታዲያ ሁሌም 200 ሜጋፒክስል ፎቶ ይሰጣል ማለት አይደለም። በተለመደው አነሳስ ስልኩ 16 ነጥቦችን አንድ ላይ እያጣመረ 12 ሜጋፒክስል ያደርጋቸዋል። ትንንሾቹ ነጥቦች ሲተባበሩ የሚሰበስቡት ብርሃን ስለሚበዛ በጨለማ እንኳ ጥሩ ይወጣል። ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ባለ 12 ሜጋፒክስል፣ 3 እጥፍ የሚያቀርብ ባለ 10፣ 5 እጥፍ የሚያቀርብ ባለ 50 ሜጋፒክስልም አሉት። የ5 እጥፉን መሃል ቆርጦ 10 እጥፍ ቢያደርገውም ጥራቱ አይወርድም ማለት ይቻላል። እስከ 100 እጥፍ ይሄዳል የሚባለው ግን ሌንስ ሳይሆን ስሌት ነው።

እንግዲህ ጉዴ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ጥር 11 ቀን ጠዋት፣ ጸበሉ ሲረጭ፣ ሕዝቡ እየተጋፋ ነበር። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ዙሙን ወደ 10 እጥፍ ወሰድኩት። ከሕዝቡ መሃል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አየሁ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጉንጫቸው ርሷል፣ አገጫቸው ላይ አንዲት ጠብታ ልትወርድ ተንጠልጥላለች። ቀጭ! ቤት ገብቼ ሳየው እኔ ነኝ ያነሳሁት ለማለት ራሱ ከበደኝ። ከሥሩም «የደስታ እንባ በጃንሜዳ» ብዬ ጻፍኩ። ለዚህ ቡለቲን ነበር ያሰብኩት።

የአክስቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ተመለሰች። እኔ ደግሞ ፎቶውን በፍላሽ ይዤ ወደ መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። መምህሬ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሊያደንቁኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ማን ናቸው?» አሉኝ።

«አንዲት እናት ናቸው፣ መምህር።»

«ስማቸው?»

ዝም አልኩ።

«አናግረሃቸዋል?»

«አይ... ከሩቅ ነው ያነሳሁት። 10 እጥፍ ዙም አለው» አልኩ፣ ትንሽም ኮራ ብዬ።

መምህሬ መነጽራቸውን አወለቁና «ጸበል እየተረጨ ነበር አላልክም? ታዲያ ይሄ ፊታቸው ላይ ያለው እንባ ነው ወይስ ጸበል?» አሉኝ።

ወይ ጉድ! ላብ አሰመጠኝ። ማታ ቤት ገብቼ ፎቶውን እያሰፋሁ አየሁት። የነጠላቸው ክር ይታያል፣ የሽፋሽፍታቸው ፀጉር ይቆጠራል፣ ጠብታዋ ውስጥ ሳይቀር ብርሃን አለ። እንባ ይሁን ጸበል ግን አይታወቅም። 200 ሜጋፒክስል ቢጨመርበትም አይታወቅም። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እኔ ደግሞ አልጠየቅኳቸውም።

በክፍል ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የግብጽን ፒራሚዶች በኮምፒውተር አጠጋግቶ ሽፋኑ ላይ እንዳወጣ ተምረናል። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የሳምሰንግ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ በኤስ 23 አልትራ ቢያነሳው፣ ስልኩ በምስሉ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ጨምሮ እንዳወጣው አሳይቶ ብዙ አነጋግሯል። ኩባንያውም ስልኩ ጨረቃን ሲለይ ምስሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያጠራውና ይህን ማጥፋት እንደሚቻል አብራርቷል። በኤስ 24ቱ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዕቃ ያነሳንበት ወይም ያንቀሳቀስንበት ፎቶ ግርጌው ላይ ምልክት ይቀመጥበታል። ጥሩ ነገር ነው። እነዚህን ጉዶች ስሰማ «እኔ እንዲህ አላደርግም» እል ነበር። የኔን ፎቶ ግን ማሽን አላበላሸውም። ያልነበረውን የጨመርኩት እኔው ነኝ፣ ያውም በአንዲት ቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ስልኩ ምልክት አያስቀምጥም።

እውነቱን ለመናገር በእኔና በእኚያ እናት መሃል የነበረው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ግፊያ ነበር፣ ግን ያልሄድኩት በግፊያው ብቻ አይደለም። ሰው ቀርቦ ማናገር ያሳፍረኛል። ጋዜጠኛ ልሆን እየተማርኩ ሰው መጠየቅ እፈራለሁ! በራሴ ስልክ ቢሆን ኖሮ ዙሙ ስለማይረባ የግድ እጠጋ ነበር፤ ተጠግቼ ደግሞ «እማማ፣ ላንሳዎት?» ማለቴ አይቀርም ነበር። ያ ውድ ካሜራ ፍርሃቴን ሸፈነልኝ።

እንግዲህ ገምጋሚ ነኝና ነጥቤን ልስጥ። ለመልኩ ከ10 8፣ ለስክሪኑ 10፣ ለካሜራው 9። ለካሜራ ማኑ 4፤ እሱም ስላመነ ነው።

ፎቶውን ሰው ሳያይብኝ በፊት ከቡለቲኑ አስወጥቼዋለሁ። ከዚህ ጽሑፍ ጎን ምንም ምስል ያላያችሁት ለዚያ ነው። ለከርሞ ጥምቀት ካደረሰን የራሴን ስልክ ይዤ ጃንሜዳ እወርዳለሁ። እኚያን እናት የማገኛቸው አይመስለኝም። ካገኘኋቸው ግን መጀመሪያ ስማቸውን ነው የምጠይቃቸው።

ቸር ይግጠመን።