ጥላዬ ውኃው ላይ ወድቆ ነበር



እኔ በባሌ፣ ሮቤ ከተማ ልጆችን ቁርኣን የማስቀራ የመድረሳ መምህር ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ከኪታብ ያገኘሁትን ሳይሆን፣ ከአንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር ከገዛ ልጄ የተማርኩትን ነው። ነገሩ ቢያሳፍረኝም፣ እንደኔ የተሳሳተ ወላጅ ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ጁዝእ ዐምማን በቃሉ ጨርሶ ሱረቱል ሙልክ ላይ ደርሶ ነበር። እዚያ ሲደርስ ግን ምላሱ ይታሰር ጀመር። ከፊቴ ቆሞ ሲቀራ ሁለት ሦስት አንቀጽ ይልና ይቆማል፤ ላብ ያጠምቀዋል። እኔ ስንፍና መሰለኝ። የሌላውን ሰው ልጅ በትዕግሥት የማስተምር ሰው፣ የራሴ ልጅ ሲሆን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ቀን በደረሶቹ ሁሉ ፊት በአለንጋ መታሁትና «የኡስታዝ ልጅ ሆነህ አታፍርም?» አልኩት። አላለቀሰም። ዝም ብሎ ቁርኣኑን ሰበሰበና ቦታው ላይ ተቀመጠ።

ወዲያው በጥር የግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ሆነ። ልጁ ዲንሾ ወዳለው አጎቱ ዘንድ ለሦስት ቀን እንዲሄድ ፈቀድኩለት። ሳምንት ሞላው፤ አልተመለሰም። «ከጧት እስከ ማታ ወንዝ ዳር ነው የሚውለው፣ ዓሣ ያጠምዳል» የሚል ወሬ ደረሰኝ። ሒፍዙን ትቶ ጨዋታ? ደሜ ፈላ። በማግስቱ መኪና ተሳፍሬ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ወደ ዲንሾ ወጣሁ። አለንጋውን በጋቢዬ ሥር ይዤ እንደነበር ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ብርዷ የሚያንዘፈዝፍ ከተማ ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። በአካባቢዋ ዳንካ የምትባል ትንሽ ወንዝ ትፈስሳለች። ዳንካ ከወይብ ወንዝ ትቀላቀላለች፤ ወይብም ወርዶ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ሥር ያልፋል። በበጋ ዝናቡ ሲያቆም ውኃው ይቀንስና ይጠራል፤ በኮሶውና በጥዱ ሥር እያንዳንዱ ጠጠር ይቆጠራል።

ዙህር ሰግጄ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ልጄ ከአጎቱ ጋር ከታች በኩል በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀጭን ዘንግ ይዞ አየሁት። እኔ ከፍ ካለው ዳርቻ ላይ ብቅ አልኩና ስሙን ጠራሁ። ፀሐይዋ ከጀርባዬ ነበረች። በዚያች ቅጽበት ከኩሬው ውስጥ አራት አምስት ጥቋቁር ነገሮች እንደ ቀስት ተወርውረው ከድንጋይ ሥር ጠፉ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ትከሻው ወደ ውስጥ ገባ። ያንን የትከሻ መታጠፍ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ መድረሳ ውስጥ አየዋለሁ።

አጎቱ ፈገግ ብሎ «ኡስታዝ፣ ጥላዎ ውኃው ላይ ወድቋል እኮ! ዝቅ ብለው በታች በኩል ይምጡ» አለኝ።

ሳላስበው ታዘዝኩ። ዞሬ ወርጄ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። አጎቱ ወጣት ሳለ ከውጭ አገር የሚመጡ አጥማጆችን እየመራና ዕቃቸውን እየተሸከመ የቆየ ሰው ነው፤ ሙያውን ከእነርሱ ቀስሟል። ዓሣው ትራውት እንደሚባል፣ የአገራችን ተወላጅም እንዳልሆነ ነገረኝ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1905 ከብሪታንያ ወደ ኬንያ አመጡት፤ ከኬንያ ደግሞ በ1960ዎቹ ወደ ባሌ ወንዞች መጥቶ ተለቀቀ። ዛሬ ማንም አይመግበውም፤ እንስቷ በጭራዋ ጠጠር ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ራሱን ችሎ ይራባል። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ አልፎ ሲሄድ ይጨነቃል። ዳሩ ላይ ያለው ዛፍ ከተቆረጠና ውኃው ጥላ ካጣ ዓሣውም ይጎዳል ማለት ነው።

የሚያጠምዱት በትል አልነበረም። ትንሽ መንጠቆ ላይ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ በክር ይጠመጠማል፤ ላዩ ሲታይ ውኃ ላይ ያረፈች ትንኝ ይመስላል። ልጄ አንድ ድንጋይ ገልብጦ ሥሩ የተጣበቁ ጥቃቅን ነፍሳት አሳየኝ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያህል ውኃ ውስጥ ኖረው ክንፍ ሲያወጡ፣ በክንፋቸው የሚቆዩት አንድ ወይም ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ሱብሐነላህ! ዓሣው ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ አድርጎ ቆሞ ወራጁ የሚያመጣለትን ሪዝቅ ይጠብቃል። ስለዚህ አጥማጁ ከበስተኋላው፣ ከታች ወደ ላይ ነው የሚቀርበው። ከላይ የመጣ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ የሚጣደፍ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ልጄ ዘንጉን ዘረጋልኝ። «አባ፣ ይሞክሩት» አለ። እምቢ ልል ነበር፤ ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየ ሲያናግረኝ ነበርና ተቀበልኩት።

ወርወር ሳደርገው ክሩ በራሴ ላይ ተጠመጠመ። ሁለተኛው ቁጥቋጦ ያዘ። ሦስተኛው የጋቢዬን ጫፍ ነከሰ። ልጁ መጥቶ መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቀለልኝና «አባ፣ ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው እንጂ መንጠቆው ላይ አይደለም። ወደ ኋላ ያንሱትና ትንሽ ይጠብቁ፤ ክሩ ከኋላዎ እስኪዘረጋ። ከዚያ ወደ ፊት ይልቀቁት» አለኝ። እኔ ግን አልጠበቅኩም፤ ደግሜ አወሳሰብኩት። ሰባት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሰባቱንም ጊዜ እየመጣ ፈታልኝ። አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ አንድም ጊዜ «አያፍሩም?» አላለኝም። በስምንተኛው ላባዋ ውኃው ላይ ቀስ ብላ አረፈች። ዓሣ ባይነክስም ልጄ «ማሻ አላህ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግኩ፤ አለንጋው እንዳይታይ።

ከዓሱር በፊት እርሱ ራሱ ሁለት ያዘ። ጎናቸው ቡናማ፣ በቀይና በጥቁር ነጠብጣብ ያጌጠ ነበር። እንዳይሰቃዩ ወዲያውኑ ጭንቅላታቸውን መታ። ሦስተኛዋ ከጣት የማትበልጥ ነበረች፤ እጁን በውኃ አርሶ፣ ከውኃው ሳያወጣት መንጠቆውን ነቅሎ ለቀቃት። ከዚያም ፈራ ተባ እያለ ጠየቀኝ፦ «አባ፣ ይህ ነገር ሐራም ነው?»

በመንገዴ ሁሉ ስዘጋጅበት የመጣሁት ቁጣ ነበር። ልጁ የጠየቀኝ ግን ዒልም ነው። ስለዚህ እንደ ጠያቂ ተማሪ መለስኩለት። ዓሣ ሐላል መሆኑን፣ ቢላዋም እንደማያስፈልገው ነገርኩት። ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ያለውን ፍጡር የጨዋታ ዒላማ ማድረግን ከልክለዋል። ለመብላት አስበህ ካጠመድክ ሪዝቅ ፍለጋ ነው፤ ትንሿን በጥንቃቄ መመለስህም መልካም ነው። እየያዙ እየለቀቁ ለመዝናናት ብቻ ፍጡርን ማሠቃየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከእርሱ ራቅ፣ ሶላትህንም አያሳልፍህ አልኩት።

ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ለእራታችን ሁለቱ ይበቃሉ» ብሎ ክሩን ጠቀለለ። በዚያች ሰዓት ዓሦቹ ገና ውኃውን እየሰበሩ ይዘሉ ነበር። በአለንጋ ያላገኘሁትን ታዛዥነት በአንድ ለስላሳ መልስ አገኘሁት።

ከወንዙ ውዱእ አድርገን ዓሱርን በጀማዓ ሰገድንና መንገድ ጀመርን። ልጁ ከፊት፣ እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ከኋላ ነበርን። ከውኃው ድምፅ ጋር አንድ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ሱረቱል ሙልክን እየቀራ ነበር። ምላሱ ምንም አልታሰረም። አንቀጽ በአንቀጽ እየተከተለ ወደ ሱራው ማብቂያ ሲቃረብ አንድ ቃል ሳተና ቆመ። የኔ ምላስ ወዲያው ለማረም ተነሣ። በዚህ ጊዜ የልጁ ቃል ትዝ አለኝ፦ ትንሽ ይጠብቁ፣ ክሩ ከኋላዎ እስኪዘረጋ። ከንፈሬን ነከስኩ። ልጁ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ አንቀጹን ደገመ፣ ስሕተቱን ራሱ አርሞ ሱራውን ጨረሰ።

ቁርኣኑ በልቡ ውስጥ ነበር ማለት ነው። የሚያስደነብረው ከላይ የሚወድቅበት ጥላዬ ነበር።

ውድ ወላጆች፣ ልጅን መቅጣት በፍጹም አያስፈልግም ልላችሁ አይደለም። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ልጆቻችን ከፊታችን የሚሸሹት ዲኑን ጠልተው ነው ወይስ እኛን ፈርተው? እኔ ያን ማታ አለንጋዬን በአጎቱ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ዓሣውም የተጠበሰው በዚያው እሳት ነው። አሁን መድረሳ ውስጥ ልጅ ሲቀራ ከበላዩ አልቆምም፤ ጎኑ እቀመጣለሁ። ሲሳሳት በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ብዙዎቹ አምስት ሳልደርስ ራሳቸው ያርሙታል።

ልጄ ዛሬም ሰው ፊት ሲቆም አንዳንዴ ይሰናከላል፤ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተቃና ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ትከሻው አይታጠፍም። በበጋ አንድ ሁለት ቀን ፈቃዳችንን ይዘን ወደ ዳንካ እንወርዳለን። እኔ እስከ ዛሬ የያዝኩት ዓሣ አንድ ብቻ ነው። አላህ የልጆቻችንን ልብ በመጽሐፉ ያብራልን፤ ለእኛም ትዕግሥቱን ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።