ፊልም ስለ ማቀናበር

ደጎሎ ላይ ተማሪዎቻችን በስልክ የቀረጹትን አጭር ፊልም ሲያቀናብሩ፥ ከመቁረጣቸው በፊት ዋናውን በሁለት ስፍራ ገልብጠው እንዲያስቀምጡ አዘዝናቸው፤ ብራና የፋቀ ሁሉ የተፋቀው እንደማይመለስ ያውቃልና። ይህን ሥራ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ አቶ ኃይሌ ገሪማም «አወር ግላስ» የተባለውን አጭር ፊልም በ1971 እ.ኤ.አ. የሠሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ነው።

ከሁሉ የከበደው፥ አንዱ ልጅ አያቱ እያንጐራጐሩ ጥጥ ሲፈትሉ ያነሣው ክፍል ነበረ። ርዝመቱ ታሪኩን ያቆመዋል፤ አያቱም ከዚያ ወዲህ ዐርፈዋል። «መምህር፥ እሳቸውንስ አልቆርጥም» አለን። ሥዕሉን አሳጥሮ፥ ድምፃቸው ግን በሚከተለው የመንገድ ሥዕል ሥር እንዲቀጥል መከርነው። ሁለት ቀን ዝም አለ፤ በሦስተኛው ቆረጠ። ያልተቆረጠውንም ወስዶ ለእናቱ አሳያት።