ቀዳዳው ሲቀየር ዜሮው ለምን ይሸሻል?

አንዳንድ ጠመንጃዎች የኋላ ማነጣጠሪያቸው ሁለት ቀዳዳ አለው። ሰፊው ለቅርብና ለፈጣን ተኩስ፣ ጠባቡ ለሩቅ ዒላማ ነው። ተኳሹ በአንዱ ዜሮ አድርጎ (ማነጣጠሪያውን ጥይቱ ከሚመታበት ነጥብ ጋር አስማምቶ) ወደ ሌላው ሲያዞር ጥይቱ ወደ ጎን ከሸሸ፣ መጀመሪያ የሚከሰሰው ቀዳዳዎቹን የያዘው ተገልባጭ ብረት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፍርዱ ይቸኩላል። ክላሽ ወይም የድሮ ምንሽር የለመደ ሰው ይህን ጣጣ አያውቀውም፤ የእነሱ ማነጣጠሪያ ክፍት ስለሆነ የሚቀየር ቀዳዳ የለውም።

ለዚህ ጉዳይ ናይሮቢ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ኬንያ ከእንግሊዝ ሊ-ኤንፊልድን ወረሰች፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ የጀርመኑ ጂ-3 በፖሊሱ እጅ የተለመደ መሣሪያ ሆነ። ሁለቱም በቀዳዳ ያነጣጥራሉ፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል።

በሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 4 ላይ ቀላሉ ዓይነት ማነጣጠሪያ ለ300 እና ለ600 ያርድ የተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት ተገልባጭ ብረት ነው። ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ አይስተካከልም፤ የጎን ማስተካከያ የሚደረገው የፊቱን ማነጣጠሪያ ገፋ በማድረግ ነው። ጥፋቱን የሚፈልግ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ የፊቱ ሲገፋ የሁለቱም ቀዳዳ ምት እኩል ይሄዳል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አይነካም። ጂ-3 ላይ ቀዳዳዎቹ በሚዞር ከበሮ ላይ ናቸው፤ 100 ሜትር ክፍት ነው፣ 200፣ 300 እና 400 ቀዳዳ ናቸው። ከበሮው ሲስተካከል ሁሉም አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱን ብቻ ለይቶ ማረም አይቻልም።

ኤም-16 ደግሞ የራሱ ብልሃት አለው። ተገልባጯ ብረት የገባችው በጎን ማስተካከያው ብሎን ጥርስ ላይ ነው። ስትገለበጥ በጥርሱ ላይ ሩብ ዙር ስለምትዞር ትንሽ ወደ ጎን ትሄዳለች። ይህን ለማካካስ ቀዳዳዎቹ ከአንድ መስመር ወጣ ተደርገው ይበሳሉ። ይህን ሳያውቅ «ቀዳዳው ጠማማ ነው» ብሎ ሞረድ የሚያነሳ ሰው ጤነኛውን ብረት ያበላሻል።

ጥቂቷ ስህተት ምን ያህል እንደምታድግ በሒሳብ ይታያል። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ካለ፣ የ0.1 ሚሊ ሜትር ዝንፈት በ100 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር፣ በ300 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የላላ ስፕሪንግ ወይም ከብረቱ ሥር የተቀመጠ የአቧራ ቅንጣት ይህን ያህል ለማድረግ አያንስም።

ስለዚህ ፈተናው በወረቀት ላይ ይጀምራል። በአንድ ርቀት፣ በአንድ ዓይነት ጥይት፣ ጠመንጃውን አስደግፎ በአንዱ ቀዳዳ አምስት፣ በሌላው አምስት ይተኮሳል፤ ከዚያ ብረቱ እየተገለበጠ ይደገማል። የምቶቹ ማእከል ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫና በአንድ መጠን ከተለያየ ጥፋቱ የብረቱ ነው። አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ከሆነ ግን ብረቱ እንዳልላላ ታይቶ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ልዩነቱ ከምቶቹ መበተን ካነሰ ደግሞ ገና ማስረጃ አልተገኘም።

በቋሚ ዝንፈትና በሚቅበዘበዝ ዜሮ መካከል ያለውን ልዩነት የኬንያ ታሪክ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1952 በታወጀው የማው ማው አመጽ አስቸኳይ ጊዜ የቅኝ ገዢው ጦር ደን ውስጥ ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ አጭሩ ሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 5 ነበር። ይህ ጠመንጃ «ዜሮው ይቅበዘበዛል» የሚል ስም ወጥቶለት እንግሊዞች ምርቱን እ.ኤ.አ. በ1947 አቁመውት ነበር። ክሱ እውነት ይሁን አይሁን ሰብሳቢዎች ዛሬም ይከራከራሉ። የሚቅበዘበዝ ዜሮ ግን የቀዳዳ ጠባይ አይደለም፤ ይልቅ የእንጨቱን፣ የአፈሙዙንና የብሎኖቹን አያያዝ መመርመር ይሻላል።

ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ልዩነት ለብቻው ይታያል፤ ቀዳዳዎቹ ለተለያየ ርቀት ሲሠሩ ከፍታቸው የሚለያየው ሆን ተብሎ ነውና። ናይሮቢ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ በ600 ያርድ ቀዳዳ የተተኮሰ ጥይት በባሕር ዳርቻዋ ሞምባሳ ከተተኮሰው ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል። ይህ ጉድለት አይደለም።

ዓይንም ያታልላል። በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ዓይን መሐሉን ላይይዝ ይችላል፤ የምድር ወገብ ፀሐይ በአንድ ጎን ሲያበራ ደግሞ የፊቱ ማነጣጠሪያ የበራው ጎን ብቻ ይታያል። የፊቱን ብረት በኩራዝ ጥላሸት ማጥቆርና ሌላ ሰው እንዲተኩስ ማድረግ ይህን ጥርጣሬ በአጭሩ ይቋጨዋል።

ጥፋቱ የብረቱ መሆኑ ከተረጋገጠ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ታይቶ ብረቱ ይጸዳል፣ ስፕሪንጉና ማያያዣው ይፈተሻል። ያም ካልፈታው አብዝቶ በሚያገለግለው ቀዳዳ ዜሮ ተደርጎ የሌላው ልዩነት በማስታወሻ ይያዛል፤ አለዚያ ብረቱ በሌላ ይቀየራል። አዲሱ ከገባ በኋላ ዜሮው በሁለቱም ቀዳዳ እንደገና ይወሰዳል።