ሰውየው አይደክመውም እንዴ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር አንድ ዘፈን ላከልኝ። «ቲቸር፣ ቤዙ ምን እንደሆነብኝ አልገባኝም። ቮልዩሙን ስጨምረው ይጮሃል፣ ስቀንሰው ይጠፋል። ዘፈኑ አልሄድ አለኝ» ይላል። ፋይሉን እንዲልክልኝ ጠየቅኩትና ከፈትኩት። የቤዙ ኖታዎች ቬሎሲቲ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 100 ነው። አንድም 99፣ አንድም 101 የለም።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ አፈርኩ። ምክንያቱም «ሁሉንም 100 አድርጉትና ተገላገሉ» ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ያኔ አብራችሁት የተማራችሁ ይህን ታነባላችሁና፣ ማስተካከያውን ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው።

መቶውን ከየት አመጣሁት? በጊዜው የነበረን ኪቦርድ ቁልፉ ቀላል፣ ስፕሪንጉ ደግሞ ፈጣን ነበር። ትንሽ ጠንከር ስትሉበት 127 ይላል። ኪቦርድ የሚለካው ጉልበታችሁን ሳይሆን ቁልፉ የወረደበትን ፍጥነት ነው። ከቁልፉ ሥር ሁለት መገናኛዎች አሉ፤ አንደኛው ተነክቶ ሁለተኛው እስኪነካ ያለችውን ቅጽበት ይለካና ከ1 እስከ 127 ቁጥር ይሰጣታል። የኮምፒውተሩ ቤዝ ደግሞ በዚያ ቁጥር ቮልዩም ብቻ አይደለም የሚቀይረው። ብዙዎቹ የተሠሩት እውነተኛ ቤዝ ጊታር በቀስታ፣ በመካከለኛና በኃይል ተመትቶ ተቀድቶ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሌላ ቅጂ ይነሳል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ጫፉ ላይ ስላፕ ያስቀምጣል። ስለዚህ ለስላሳ ዘፈን መሀል አንድ ኖታ ድንገት «ጧ!» ይላል። እኔ ያንን ለማጥፋት ሁሉንም ደፈጠጥኩት። ጧታው ጠፋ። ቤዙም አብሮ ሞተ።

ይህን ያሳየኝ አንድ ቤዝ ተጫዋች ነው። ስሙን አልጠራም፣ ደስ አይለውም። ሃያ ሁለት አካባቢ የነበረችኝን አንድ ክፍል ስቱዲዮ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ለየዘፈኑ እየጠራሁ የምከፍለው እሱን ነበር። የኮምፒውተር ቤዝ ሳገኝ መጥራት አቆምኩ። ተጣልተን አይደለም፤ ለእሱ የምትወጣዋ ብር እኔ ጋ ቀረች፣ ይኸው ነው።

እናንተ ከተመረቃችሁ በኋላ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ሰላም ሊለኝ ገባ። ቡና አስመጣሁና አዲስ የሠራሁትን ቅንብር ከፈትኩለት፤ ጉራም አልጠፋም። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«ማነው የመታው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ በኪቦርድ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን ሰውየው አይደክመውም እንዴ?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት ጣት ይመታ ጀመር። «አመልካቹና መሀለኛው እኩል አይደሉም» አለኝ። «ክፍቱን ክር ስመታና በግራ እጄ ይዤ ስመታ አንድ አይሆንም። ወደ ሌላ ኖታ ለመሻገር የምነካትን አልመታትም፣ አልፋታለሁ። አንዳንዷ ደግሞ ድምፅም የላት፣ ጭቅ ብላ ትቀራለች። አንተ ግን እያንዳንዷን እንደ ሚስማር መታሃት።»

ዘፈኑ ችክችካ ነበር። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚሄደው፤ ስድስቱን እኩል ከመታችኋቸው የልብስ ስፌት መኪና ነው የሚሆነው። «እስቲ አንተ ሞክረው ጋሼ» ብዬ ኪቦርዱን ሰጠሁት። ኪቦርድ አይችልም፤ በአንድ ጣት እየፈለገ መታ። ስክሪኑን ሳይ ግን ደነገጥኩ። ከኪኩ ጋር የሚያርፉት 90 ገደማ፣ የሚሻገሩት 70ዎቹ ውስጥ፣ ጭቅ የሚሉት 30 አካባቢ። ቬሎሲቲ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። እጁ ግን ያውቀዋል።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኪቦርዱን አውቀዋለሁ፦ አንዷን ኖታ በተመቸኝ አመታት ሃያ ጊዜ እመታና ቁጥሮቹን አያለሁ። ግማሾቹ 120 ካለፉ ጥፋቱ የጣቴ አይደለም፤ የኪቦርዱን ቬሎሲቲ ከርቭ ጠንካራው ላይ አደርገዋለሁ። ቀጥሎ የቤዙን ድምፅ እፈትሻለሁ፦ ከስንት ቁጥር በላይ ነው ቀለሙ የሚቀየረው? 105 ላይ ከተቀየረ፣ ሆን ብዬ ካልፈለግሁት በቀር ከዚያ በላይ አልወጣም።

ስቀዳ በአንድ ወይም በሁለት ጣት ብቻ እመታለሁ። አምስቱንም ጣት ካሰማራችሁ ፒያኒስት ናችሁ፤ አውራ ጣት ሳታስቡት ይከብዳል፣ ትንሿ ጣት ትሰንፋለች። የሞታውኑ ጄምስ ጄመርሰን ያን ሁሉ ቤዝ የመታው በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነው፤ ጣቲቱን «መንጠቆ» ይሏት ነበር።

ከቀዳሁ በኋላ ቁጥሮቹን አላስተካክልም፣ አጠባቸዋለሁ። ሁሉንም 100 ማድረግ ሌላ፣ 50ና 127 የነበረውን 70ና 100 መሀል ማስገባት ሌላ። ሁለተኛው ልዩነቱን ያተርፋል። አንድ ኖታ አሁንም ብቻዋን ከወጣች እሷን ብቻ እነካለሁ። ሚክስ ላይ ኮምፕሬሰር ቮልዩሙን ያስተካክልላችኋል፤ በኃይል የተመታን ክር ግን በቀስታ የተመታ አያደርገውም። ያ የሚወሰነው ስትቀዱ ነው። የኖታውንም መጨረሻ ተመልከቱ፤ ጣት ክሩን የምትለቅበት ሰዓት ግሩቩ ውስጥ አለበት። የቤት ሥራ ከፈለጋችሁ የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ለይታችሁ ስሙ። የቱ ተመታ? የቱ ታለፈ?

ይህን ሁሉ ለልጁ ጻፍኩለት። በማግስቱ አስተካክሎ ላከው፤ ዘፈኑ ተነሳ። ደስ አለኝ።

ግን አንድ ያልነገርኩት ነገር ነበር። ያን ቀን ጋሼ ቡናውን ጠጥቶ ሲወጣ ስለ ሥራ አንድም ቃል አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ያስተማረኝን ይዤ፣ ከዚያ በኋላ ቤዙን ራሴ ስመታ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ በደንብ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ።

ይህንንም ለልጁ ነገርኩት። ትንሽ ቆየና «ቲቸር፣ ሰውየው ለአንድ ዘፈን ስንት ነው የሚያስከፍለው? ለቀጣዩ ብጠራውስ?» አለኝ።

አላውቅም። ጠይቄው አላውቅማ፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ።

ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። የልጁን ብቻ ሳይሆን የራሴንም ዘፈን ይዤ።

ቤዝ የምትመቱ ካላችሁ የዘለልኩትን ኮሜንት ላይ ጨምሩበት። መልካም ሰንበት።