ከመጋረጃው ሥር የቆሙ መኪናዎች

በዲትሮይት ከተማ እንብርት፣ በባግሊ ጎዳና ላይ የሚገኘውን የሚሺጋን ቲያትር ታሪክ የሚመረምር ሰው ከሕንፃው ይልቅ ከቦታው መነሣት ይገባዋል። ሄንሪ ፎርድ የመጀመሪያይቱን መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1896 የሠራው በዚሁ ሥፍራ በነበረች ጠባብ የጡብ ቤት ውስጥ ነው። መኪናይቱ ተሠርታ ስታበቃ በበሩ አላልፍ ብላ ጡቡን ንዶ ለማውጣት ተገደደ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ ራፕ እና ራፕ የተባሉት የቺካጎ አርክቴክቶች የነደፉት ሲኒማ ቤት በዚያው መሬት ላይ ተከፈተ። ከ4,000 በላይ መቀመጫዎች ነበሩት። ፊልም ድምፅ አልባ በነበረበት በዚያን ጊዜ፣ የሚታየውን ሥዕል ታላቁ የዉርሊትዘር ኦርጋን ያጅበው ነበር። የመኪና ፋብሪካው ሠራተኛ በአንዲት ቲኬት ዋጋ የመኳንንት በሚመስል ደረጃ ላይ ይወጣ፣ በወርቅማ ጌጥ ባሸበረቀ ጣሪያ ሥር ይቀመጥ ነበር። እርግጥ ነው፣ ጌጡ ከአውሮፓ ቤተ መንግሥታት የተቀዳ እንጂ አዲስ ፈጠራ አልነበረም። ቢሆንም ለነገሥታት ብቻ ይሠራ የነበረ ውበት ለአንድ ምሽት እንኳ የላብ አደሩ መሆኑ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ኋላ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፤ መኪናውም ነዋሪውን እያሳፈረ ወደ ከተማው ዳርቻ ወሰደው። ቲያትሩ በ1967 ፊልም ማሳየቱን አቆመ። እስከ 1976 ድረስ የሮክ ሙዚቃ ማሳያ ሆኖ ከቆየ በኋላ ተዘጋ።

አዳራሹ ያኔውኑ በፈረሰ ነበር። ያዳነው ግን ለኪነ ጥበብ የተቆረቆረ ወገን ሳይሆን የመሐንዲሶች ስጋት ነው፤ ቢያፈርሱት ከጎኑ የተያያዘው ባለ 13 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ይጎዳል ተባለ። የቢሮው ተከራዮች ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ በ1977 መቀመጫዎቹና ሰገነቶቹ ተነቅለው በአዳራሹ ሆድ ውስጥ ባለ ሦስት ደርብ ማቆሚያ ተሠራ። የተቀረጸው ጣሪያ፣ የመድረኩ ቅስት የላይኛው ክፍልና የመጋረጃው ቅዳጅ እንዳሉ ቀሩ። መኪናዋ በተወለደችበት ሥፍራ የተሠራውን ቤተ መንግሥት መኪና ወረሰው።

ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። በዚያው ከተማ በ1928 የተከፈተው ፎክስ ቲያትር ታድሶ በ1988 እንደገና ለተመልካች በሩን ከፍቷል። ልዩነቱን ያመጣው የሕንፃዎቹ ውበት መበላለጥ ሳይሆን ገንዘቡን የሚያፈስ ባለቤት መገኘትና አለመገኘት ነበር።

በ2002 ለእይታ የበቃው «8 ማይል» የተሰኘው ፊልም አንዱን ትዕይንቱን የቀረጸው በዚሁ ማቆሚያ ውስጥ ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ፊልም ማሳየት ያቆመው ቤት፣ ጣሪያው እንደተላጠ፣ በሌሎች ሲኒማ ቤቶች ሸራ ላይ ታየ።