ከጉና ሥር እስከ ጉማራ፦ ለልጅ ልጅ የሚሆን የዓሣ ማጥመጃ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወረድ ልብስ ይቀነሳል። ከተማችን ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ዓለም በር ላይ ጋቢውን ያጥፋል፣ ወረታ ሲገባ ሹራቡንም ያወልቃል። የጉና ውኃም እንደ እኛው ይወርዳል። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ በየፊናቸው አቋርጠው ጣና ይገባሉ። እኛ ደገኞች እነዚህን ወንዞች የምናውቃቸው በድልድያቸው ነው፤ ዓሣቸውን የሚያውቀው የሜዳው ሰው ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ የ12 ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ጉማራ እወርዳለሁ። አሜሪካ ያለው ልጄ የማጥመጃ ዘንግ፣ ክርና አንድ ሳጥን ሙሉ ጂግ ልኮልናል። ጂግ ማለት የእርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ ነው። ላባ ወይም ለስላሳ ላስቲክ ስለሚሰካበት ክሩ ሳብ ለቀቅ ሲደረግ እንደ ትንሽ ዓሣ ይዘላል። አሜሪካኖቹ ባስ ለሚሉት ዓሣ የሠሩት ነው። ባስ እኛ ዘንድ የለም፤ ባርበስ ግን አለ።

ስለ ባርበስ ትንሽ ልበል፤ ዕቃውን የሚመርጥልን እሱ ነውና። ጣና ውስጥ 15 ያህል ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ። ወደ 40 ሜትር የሚጠጋው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ግማሽ ያህሎቹ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። የሚገርመው ግን አፋቸው ላይ ጥርስ የለም። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ ጉሮሯቸውም ጠባብ ስለሆነ የሚውጡት ቀጭን፣ ትንሽ ዓሣ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቅ ጂግ ማሰር ትርፉ ድካም ነው። ክሩን በጥርሱ የሚበጥስ ስለሌለም ከመንጠቆው በላይ የብረት ሽቦ አያስፈልግም። ቆሮሶ ምግቡ በአብዛኛው አልጌ ስለሆነ ጂጉን እምብዛም አይፈልገውም፤ አምባዛ ግን አንዳንዴ ይይዛል።

ዘንጉ ቀላል ይሁን። ለልጅ 1.8 ሜትር፣ ለአዋቂ 2 ሜትር ገደማ ይበቃል። ጫፉ ለስላሳ፣ እጀታው ጋ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። ወፍራም ዘንግ 3 ግራም የምትመዝን ጂግ መወርወር አይችልም፤ ጂጓ እግር ሥር ትወድቃለች። ጫፉ ሲለሰልስ ደግሞ ዓሣው ነካ ሲያደርግ ለእጅ ይነግራል። የጉማራ ልጆች በሸምበቆ ላይ ናይለን ክር አስረው፣ የአፈር ትል ሰክተው ያጠምዳሉ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ከእኛ የበለጠ ይዘው የሚገቡት እነሱ ናቸው። እኔ ጂጉን የምወደው ልጁ ቁጭ ብሎ ስለማይጠብቅ ነው። ይወረውራል፣ ይስባል፣ ቦታ ይቀይራል። ስልኩ ከኪሱ አይወጣም።

ክር መምረጥ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ቁስል ስንሰፋ ኖረናል፤ ለፊት ቀጭኑን፣ ለእግር ወፍራሙን ናይለን እንመርጥ ነበር። እዚህም እንደዚያው ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚሸከም አንድ ወጥ ናይለን ክር ይበቃል። ከዚህ ከወፈረ ጂጉ ይንሳፈፋል፣ ዓሣውም ያየዋል። ከዚህ ከቀጠነ ደግሞ ሥር ላይ በተጠለፈ ቁጥር ይበጠሳል። የተሸረበው ክር ጠንካራ ቢሆንም ሲወጠር ጣት ስለሚቆርጥ ለልጅ አልሰጥም። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በውኃ አርጥቡት፤ በደረቁ ሲሳብ በፍትጊያው ሞቆ ክሩ ይዳከማል።

የጂጉ ክብደት በውኃው ይወሰናል። ሐይቁ ዳር፣ ፀጥ ባለ ውኃ ከ2 እስከ 3 ግራም ተኩል፤ ወራጁ ላይ ከ5 እስከ 7 ግራም። ወለሉን ነካ፣ ብድግ፣ እንደገና ነካ ማድረግ ነው ጥበቡ። ጥርት ባለ ውኃ ነጭ ወይም ብርማ፣ በደፈረሰው ጥቁር ቀለም እመርጣለሁ።

ክረምት ላይ ግን የትኛውም ቀለም አይሠራም። ጉማራ የጡብ አፈር መስሎ ይፈሳል፤ ባርበሶቹም እንቁላል ሊጥሉ ከሐይቁ ወደ ላይ፣ ጠጠራማውን ወለል ፍለጋ የሚወጡት ያኔ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ። ድልድዩ አጠገብ ያገኘሁት አንድ ጎልማሳ፣ «ሲስተር፣ በነሐሴ ቢመጡ እኮ በእጅ ይታፈሳል» አለኝ።

«እርጉዝ ናቸዋ! ነፍሰ ጡር አጥምዶ ማን ይባረካል?» ስለው ሳቀ።

«እኛ ብንተወውም ሌላው በብርብራ ይጨርሰዋል» አለ ቆይቶ። አሁን አልሳቀም።

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ላይ ሲበተን ዓሣው ውኃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ይንሳፈፋል፤ የሚለቀመው ትልቁ ብቻ ነው። ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይም መረብ ይዘረጋል። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል በጣና ደቡባዊ ወሽመጥ የትልልቆቹ ባርበሶች መጠን በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነሐሴ ላይ ጉማራ ዳር የሚያስታውሰው ሰው ግን ጥቂት ነው። ርብ ላይ ደግሞ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድብ ቆሟል፤ ለመስኖው ጥሩ ነው፣ ወደ ላይ ለሚወጣው ዓሣ ግን መንገዱ እዚያ ያበቃል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ እተዋለሁ፤ የእኛ ቤት ዘንግ ግን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከቁም ሳጥን ጀርባ ይቆማል። ልጁ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣ ምክንያቱን የሚያስረዳው እሱ ነው።

የመውረጃ ጊዜያችን እንግዲህ ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ውኃው ጠርቷል፣ የወባውም ክፉ ወቅት እያለፈ ነው። ደጋ ያደገ ልጅ ወባን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ከሜዳ ተመልሶ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ካተኮሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቆዩ፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ፎገራ ውሎ እንደነበር ተናገሩ። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የካላዛር ወረርሽኝ መታየቱንም የእኔ ዘመን ባለሙያዎች አንረሳውም። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሲመሽ ስለሚወጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪና ውስጥ ነን። ጣና ዳር ቢልሃርዚያም አለ። ጥገኛው በባዶ እግር ቆዳ በኩል ስለሚገባ የላስቲክ ቦት ሳያደርግ ልጁ ውኃ አይገባም።

ከዕቃው ራሱ የሚመጣውም አደጋ አለ። ከመንጠቆው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለውን ወደ ኋላ የዞረ እሾህ ቤት እያላችሁ በፒንሳ ደፍጥጡት። ዓሣ ሊያመልጥ ይችላል፤ ጣት ላይ ከተሰካ ግን በቀላሉ ይወጣል። ያልተደፈጠጠ መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ከገባ እየጎተታችሁ አትቅደዱት፤ ክሩን ቆርጣችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የቴታነስ ክትባቱንም ጠይቁ። ከጂጉ ሌላ ክር ላይ የሚጣበቁ ትናንሽ የእርሳስ ፍሬዎች አሉ። ልጆች እነዚህን በጥርሳቸው ጨምቀው ያጠብቃሉ፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነውና በፒንሳ ይሁን። ምሳ ከመብላታቸው በፊትም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አብዛኛውን ቀን የምንይዘው አንድ ወይም ሁለት ነው። ክንድ የሚያህል ባርበስ ቀላል ዘንግ ላይ ሲታገል ሙክት የመጎተት ያህል ነው፤ ጉማራ ወደ ፈለገበት ይወስደዋል። ልጁ መጠቅለያውን ዝም ብሎ እንዳያዞር፣ ዓሣው ሲሮጥ ለቆ፣ ሲቆም እንዲስብ አስተምሬዋለሁ። ባለፈው ጥር አንዱን ሲያወጣ ሆዱን ዳሰስ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይሄኛው ባዶ ነው፤ እንቁላል የለውም፣ እንውሰደው?» አለኝ። ወሰድነው። ወረታ ላይ በሚጥሚጣና በሎሚ ተጠብሶ ሦስት ሰው አጥግቧል።