በረካውና ጠብታው

ባለፈው እሁድ አባዬ ከወናጎ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ «ቡና ተው አሉኝ» አለ። ማን ነው ያለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ «ቡና የዓይን ግፊት ይጨምራል» የሚል ቪዲዮ በስልኩ አይቶ ነው። አባዬ በቡና ገንዘብ ቤት የሠራ፣ በቡና ልጆች ያስተማረ ሰው ነው። ግላኮማ አለብህ የተባለ ቀን እንኳ ድምፁ እንዲህ አልተሰበረም።

«የዓይን ጠብታህን ግን እየጨመርክ ነው አይደል፣ አባዬ?» አልኩት።

ዝም አለ።

ወደ ዝምታው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ።

የጌዴኦን ጓሮ ያየ ያውቀዋል፦ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ መሃል ላይ ቡና። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በተመላለሰበት በዚያ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ድንገት ጉንጩን ይገርፈው ጀመር። ለካ ከጎን የሚመጣውን ማየት እያቃተው ነበር። እኛ ግን «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» ብለን ተቀመጥን። ትልቁ ስህተታችን ይህ ነው። ሞራ ቢዘገይም ሲገፈፍ ብርሃን ይመለሳል፤ ግላኮማ የወሰደውን ግን የሚመልስ ሕክምና እስካሁን የለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ከሆኑት ግማሽ ያህሉ ሞራ ሲሆን፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ የማይመለስ ነው።

ዓይናችን ውስጥ ሌት ተቀን የሚመነጭ ንጹሕ ፈሳሽ አለ፤ ከእንባ የተለየ ነው። ይህ ፈሳሽ በዓይን ጠርዝ ባለ ወንፊት መሰል መውጫ ይወጣል። መውጫው ሲታወክ ፈሳሹ ይጠራቀምና ግፊቱ ይጨምራል፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭም ቀስ በቀስ ይጎዳል። ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የተለመደ ግፊት ይባላል፤ በዚያ ልክ ሆኖም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለው፣ መቅላት የለው። ግፊቱም ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስንተኛ ከፍ ይላል።

ታዲያ ቡናስ? ጎረቤታችን አልዋሸም። ግላኮማ ያለበት ሰው ቡና ሲጠጣ ግፊቱ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይወርዳል። በአሜሪካ የጤና ባለሙያዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በቀን ሦስት ኩባያና ከዚያ በላይ የሚጠጡ ሰዎችን ከአንድ የግላኮማ ዓይነት ጋር አያይዟቸዋል፤ ያ ዓይነት በአገራችንም ብዙ ይታያል። ነገር ግን የእነሱ ኩባያ የእኛ ሲኒ አይደለም። ጥናቱም መያያዙን አሳየ እንጂ ቡና በሽታውን ያመጣል አላለም። የአባዬም ሐኪም «ቀንስ» አሉት እንጂ «ተው» አላሉትም።

ሌሎችም ልማዶች አሉ። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ግፊቱን ለጊዜው ያሻቅባል፤ ስለዚህ ውሃን ከፋፍሎ መጠጣት ይሻላል። ትንፋሽን ይዞ የቡና ጆንያ ማንሳት፣ ለረጅም ጊዜ ጭንቅላትን ወደ ታች ደፍቶ መቆየት፣ በሆድ ተኝቶ ዓይንን ከትራስ ጋር መጫን፣ አንገትን የሚያንቅ ክራባት፣ ሁሉም ይጨምሩታል። ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ ግን ይቀንሰዋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ዓይን አሳከከኝ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን ነው። ለሳምንታት ሲጨመር ግፊቱን በእጅጉ ሊያንረው ይችላል፤ የልጅ ዓይን ሳይቀር።

ጭንቀትስ? በዴልሂ ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የግላኮማ ታካሚዎችን ለ21 ቀን በየዕለቱ በተመስጦ እንዲቀመጡ አደረገ፤ ጠብታቸውን ሳያቋርጡ። የጭንቀት ሆርሞናቸውም የዓይን ግፊታቸውም ቀነሰ። ደስ ይላል። ግን አባዬን «አትጨነቅ» ማለት ቀላል ነው? በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ ዘመዶች ቤታችን ሞልተው ባደሩበት ጊዜ፣ ምን እንደሚያበላቸው እያሰላ ስንት ሌሊት ነቅቶ እንዳነጋ እኔ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዝምታው። ቡና የሚሸጠው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ጠብታ ግን ዓመቱን ሙሉ ያስፈልጋል፤ አንድ ብልቃጥ ከተከፈተ አንድ ወር ያህል ነው የሚያገለግለው። ክረምት ሲገባ የቡናው ብር አልቆ፣ አባዬ ለማንም ሳይናገር አንድ ቀን እየዘለለ ይጨምር ነበር። እንዲበረክትለት። የማታ ጠብታው ግፊቱን ከሩብ እስከ ሲሶ ያወርዳል፤ በስዊድን በተደረገ ጥናት ደግሞ አንዲት ሚሊ ሜትር ብትቀንስ በሽታው የመባባስ ዕድሉ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል። ለአንድ ሁለት ሰዓት አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚጨምረውን ቡና ፈርቶ ተንቀጠቀጠ፤ ስለዘለለው ጠብታ ግን ያስጠነቀቀው ቪዲዮ አልነበረም። እኛ ልጆቹም ቢሆን ስንደውል ስለ ዝናቡና ስለ ቡና ዋጋ እንጂ ስለ ብልቃጡ ጠይቀነው አናውቅም።

እኔም ወንድሞቼም ተመርምረናል። በሽታው በዘር ስለሚሄድ ወላጅ ወይም ወንድም እህት የታመመበት ሰው ዓይኑ እስኪደክም መጠበቅ የለበትም።

ከአሁን በኋላ ቀይ ቡናው ሲሸጥ፣ ከማዳበሪያውም ከለቅሶ መዋጮውም በፊት የዓመቱ የጠብታ ብር ተነሥቶ እማዬ ጋ ይቀመጣል፤ የጎደለውን እኛ እንሞላለን። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ እማዬ ብልቃጧን ከከሰሉ አርቃ ከረከቦቱ ዳር ታኖራታለች። በረካው ከመቀዳቱ በፊት አባዬ ቀና ይላል፣ የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርጎ አንድ ጠብታ ያስገባል፣ ከዚያ ጨፍኖ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ በጣቱ ይዞ ይቆያል።

በረካው ቀጭን ነው፤ እሱን ይጠጣል። አቦሉን የሚጠጣለት ያ ጎረቤቱ ነው።